ሳይገባችሁ አትፈርሙ
(ስለ ቤት ተከራይ መብት ለወገኖቻችን የተደረገ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ «አከራዩ ኪራይ ሲጨምርብን መንግሥት አይከለክለውም ወይ?» የሚል ነው። እውነቱን መናገር ይሻላል። በ1972 ተጠቃሎ የወጣው የተከራይ ጥበቃ ሕግ በዋናነት የሚጠብቀው፣ ድሮ የቁልፍ ገንዘብ ወይም «ድሜ ማፍቴያኽ» ከፍለው የገቡትን ነው። ዛሬ እንደ ብዙዎቻችን ከግለሰብ ለሚከራይ ሰው የዋጋ ገደብ የለም። ዋጋውን የሚወስነው «ሆዜ»፣ ማለትም ውሉ ነው። ጭማሪ እንዳለ ካልተጻፈበት ግን ውሉ ሳያልቅ አከራዩ በፈቃዱ ብቻ ሊጨምር አይችልም።

ይሁን እንጂ ተከራይ መብት የለውም ማለት አይደለም። በ2017 ክኔሴት የኪራዩን ሕግ አሻሽሏል። ከ3 ወር ለሚበልጥ ተራ የመኖሪያ ቤት ኪራይ የሚከተሉትን እወቁ።

1ኛ፦ ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት።

2ኛ፦ ቤቱ ለመኖሪያ የሚበቃ መሆን አለበት። የመጠጥ ውሃ፣ መብራት፣ የፍሳሽ መውረጃ፣ አየርና ብርሃን የሚያስገባ መስኮት፣ ቁልፍ ያለው በር የሌለው ቤት አይከራይም።

3ኛ፦ በእናንተ ጥፋት ያልደረሰ ብልሽት ሲኖር ለአከራዩ አስታውቁ። ከ30 ቀን ሳያልፍ ማስጠገን አለበት። ቤቱን የማያስኖር አስቸኳይ ብልሽት ከሆነ ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ።

4ኛ፦ የሕንፃውን ኢንሹራንስና ለአከራዩ የሠራውን ደላላ የምትከፍሉት እናንተ አይደላችሁም።

5ኛ፦ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ የሚሰጥ ዋስትና ከ3 ወር ኪራይ ወይም ከጠቅላላው ኪራይ ሲሶ አይበልጥም፤ ከሁለቱ አነስተኛው ይያዛል። ለምሳሌ ኪራዩ በወር 4,000 ሸቀል ቢሆንና ውሉ የአንድ ዓመት ቢሆን፣ ከ12,000 በላይ መጠየቅ አይቻልም። ውሉ የ6 ወር ከሆነ ግን ከ8,000 አይበልጥም። ዕዳ ከሌለባችሁ ቤቱን ከለቀቃችሁ በ60 ቀን ውስጥ ይመለስላችኋል።

6ኛ፦ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቁልፍ ለውጦ ወይም ውሃና መብራት ቆርጦ ሊያስወጣችሁ አይችልም።

ወገኖቼ፣ አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። በአገራችን ቃል ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ቢበላሽም ሽማግሌ ይዳኘዋል። እዚህ ግን ዳኛው የሚያየው ወረቀቱን ነው። ያንኑ አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸውንም አንርሳ። አከራዩ በአፉ «ቀለም እቀባለሁ፣ ቧንቧውን አሠራለሁ» ቢል፣ «ደግ ሰው ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ በውሉ ላይ ይጻፍ። ብልሽትንም በደብዳቤ ወይም በስልክ መልእክት አስታውቁ፤ ከነፎቶግራፉ አስቀምጡት። በእጅ ለከፈላችሁት ገንዘብ ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። የኪራይ ውል ለትንሽ ልጅ አታስተርጉሙ። ልጁ ዕብራይስጥ ይችላል፤ የሕግ ቃል ግን አያውቅም፤ ሸክሙም ከአቅሙ በላይ ነው። «ነገ ፈርሜ አመጣለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ወረቀቱን ወስዳችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

ዋስትናችሁን የከለከላችሁ ካለ፣ በአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል። ከቤት እንድትወጡ ከተከሰሳችሁና አቅም ከሌላችሁ ደግሞ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለውን የሕግ እርዳታ፣ «ሲዩዓ ሚሽፓቲ» ጠይቁ። የፍርድ ቤት ወረቀት ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት፤ የመልስ ቀን አለው።

መብቱን የማያውቅ ሰው የተሰጠውን ብቻ ይቀበላል። እኛ ግን እንጠይቅ፤ ለጎረቤቶቻችንም እንንገር።