ያችን የማለዳ ሰዓት እናስመልስ

(በማትናስ አዳራሽ ለወላጆች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ «ማለዳ መነሣት» የሚል ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ከት ብላ ሳቀችና «ዶሮ ሳይጮኽ ስንነሣ ለኖርን ሰዎች ነው መነሣት የምታስተምሪው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በጎንደር ገጠር ያደገች ሴት ገና ሳይነጋ ተነሥታ እህል ትፈጫለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ እሳት ታያይዛለች። ቄሶቻችንም ጎሕ ሳይቀድ ለጸሎት ይቆሙ ነበር። ስለዚህ እዚህ የቆምኩት መነሣትን ላስተምራችሁ አይደለም። ያችን የማለዳ ሰዓት እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ምን እንዳደረግናት አብረን እንድናስብ ነው።

በዚያን ጊዜ «ስፖርት» የሚለው ቃል በቤታችን አልነበረም፤ አያስፈልግምም ነበር። ገበያ የሚኬደው በእግር፣ ውሃ የሚመጣው በጀርባ ነበር። ወንዱ ሲያርስ፣ ብረት ሲቀጠቅጥ፣ ሸማ ሲሠራ ይውላል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች፣ ስፌት ትሰፋለች። በጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራ ስሟ የታወቀው በእኛው እናቶች እጅ ነው። ከመካከላችንም ብዙዎች ሱዳን ድረስ የሄዱት በእግራቸው ነው፤ በመንገድ የቀሩብንንም አንረሳም።

እዚህ ግን ኑሮው ሌላ ሆነ። ፎቅ የምንወጣው በማዓሊት፣ ሥራ የምንሄደው በአውቶቡስ ነው። በፋብሪካ የሚሠራው ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ ይውላል። ይደክማል፤ ነገር ግን ድካም ሁሉ እንቅስቃሴ አይደለም። ምግባችንም ተለወጠ፤ ነጭ ዳቦውና ጣፋጩ መጠጥ ገባ። ሐኪሞች ባደረጉት ጥናት ወገኖቻችን ከኢትዮጵያ ሲመጡ የስኳር በሽታ እምብዛም እንዳልነበረባቸው፣ እዚህ ዓመታት ሲቆዩ ግን በሽታው እንደበዛባቸው ጽፈዋል።

አባቴ ከነዚህ አንዱ ነበር። እንደመጣን ሰሞን ከአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ወረቀት ተሰጠው፤ ወረቀቱ 8፡00 ይላል። አባቴ በለመደው አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ሄደ፤ በዚህ አገር 14፡00 መሆኑ ነው። በሩ ተዘግቶ አገኘው። አፍሮ ተመለሰ፤ ለብዙ ጊዜም ወደዚያ ሳይሄድ ቀረ። በሽታው ሲታወቅ እግሩ ደንዝዞ ነበር። በአንድ ቀን ከመንደራችን ገበያ ደርሶ የሚመለሰው ሰው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከአልጋው እስከ በረንዳው የሚሄደው በሰው ተደግፎ ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ እናቴ እኛ ዘንድ ገባች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ማለትም በዚህ አገር 5፡00 ላይ፣ ሁልጊዜ ትነቃለች። በረንዳ ላይ ካለችው ወንበር ትቀመጥና የልጅ ልጆቿ እስኪነሡ ዝም ብላ መንገዱን ታያለች። አንድ ቀን «እማዬ፣ በዚህ ሰዓት ተነሥተሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«ምን ላድርግ ልጄ፤ ውሃው በቧንቧ ይመጣል፣ ዱቄቱ ተፈጭቶ ይሸጣል። ሰውነቴ ይነቃል፤ ሥራ ግን የለውም» አለችኝ።

ይህ ንግግሯ ከልቤ ገባ። እኔ በዚያን ጊዜ እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥንና ስልክ ሳይ አመሽ ነበር። ጧት 7፡00 ላይ ደንግጬ እነሣለሁ፤ ልጆቹ ላይ እየጮኽኩ አለብሳለሁ፤ እየሮጥኩ ወደ አውቶቡስ እሄዳለሁ። እናቴ ሰዓት ተርፏት ሥራ አጣች፤ እኔ ሥራ በዝቶብኝ ሰዓት አጣሁ። ሁለታችንም በአንድ ቤት ነበርን።

ከዚያ ወዲያ ተስማማን። እኔ 5፡30 ላይ ልነሣ፤ ለግማሽ ሰዓት በሰፈራችን አትክልት ቦታ ዙሪያ አብረን እንድንሄድ፤ ስንመለስ ደግሞ ልጆቹ እስኪነሡ ድረስ ጠረጴዛ ዙሪያ እንድንቀመጥ። እሷ ስፌቷን ልትሰፋ፣ እኔ ደግሞ የምትነግረኝን በደብተር ልጽፍ።

የመጀመሪያው ሳምንት መጥፎ ነበር። ራሴን አመመኝ፤ አውቶቡስ ላይ ተኝቼ ፌርማታዬን አለፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማምሸቴን ሳልተው ማለዳ ተነሣሁ። ወገኖቼ፣ ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። ያችን ሰዓት የምንወስዳት ከቴሌቪዥኑና ከስልኩ እንጂ ከእንቅልፋችን መሆን የለበትም። ዐዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። 5፡30 ለመነሣት የፈለገ ከ22፡15 በፊት መተኛት ይገባዋል። በሰውነታችን ውስጥ የራሱ ሰዓት አለ፤ ይህ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ያገኙ ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2017 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ይህንን ሰዓት የሚያስተካክለው ዋናው ነገር ብርሃን ነው። የማለዳ ብርሃን ያየ ሰው ማታ እንቅልፉ ቶሎ ይመጣል፤ በሌሊት ብርሃን ላይ ያፈጠጠ ይዘገይበታል። ለዚህ ነው ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የቀለለኝ።

አሁን ከመካከላችሁ «እኔ በ4፡00 ለጽዳት ሥራ እወጣለሁ»፣ «እኔ ሌሊቱን ሙሉ በጥበቃ አድራለሁ» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ለእናንተ ማለዳ ተነሡ ማለት ግፍ ነው። የናንተ «ማለዳ» ከእንቅልፍ በኋላ ያለው ሰዓት ነው፤ ከቀትር በኋላም ቢሆን። ዋናው ነገር ማንም ሳያዛችሁ በቀን ውስጥ የራሳችሁ የሆነች አንዲት ሰዓት መኖሯ ነው።

ስለ እግር ጉዞው አጭር ምክር ልስጥ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። ግማሽ ሰዓት በሳምንት አምስት ቀን ቢሆን 150 ደቂቃ ይሞላል። መጠነኛ ማለት እየሄዱ መነጋገር የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያስቸግርበት አካሄድ ነው። ግማሽ ሰዓት የከበደው በ10 ደቂቃ ይጀምር፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ በኩፓት ሆሊም ሐኪሙን ወይም ነርሷን ይጠይቅ፤ በመንገድ ላይ ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል ጣፋጭ ነገር በኪሱ ይያዝ፤ ጣት የማይነካ ሽፍን ጫማ ያድርግ፤ ማታ ማታም እግሩን ቁስል እንዳለበት ይመልከት። በሙቀቱ ወራት ማለዳው ከሁሉ ይሻላል፤ በጁን ፀሐይ የምትወጣው 5፡30 ገደማ ነው። በዴሴምበር ግን እስከ 6፡30 ገደማ ጨለማ ስለሆነ፣ እኛ በዚያ ወቅት ጧት የእጅ ሥራውን ብቻ እንሠራለን፤ በእግር የምንሄደው ልጆቹን ወደ ጋን ስናደርስ ነው። ሰዓቱ በማርችና በኦክቶበር ሲለወጥ ጥቂት ቀን ቢያስቸግራችሁ አትተዉት።

ከኢትዮጵያ የመጣው ማሩ ተፈሪ በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ለእስራኤል የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ ሁላችንም እልል ብለናል። ለወገናችን እግር እልል ካልን፣ የራሳችንን እግር ደግሞ ከወንበር ላይ እናንሣ። በስግድ ዕለት ወደ ከፍታው ስንወጣ ትንፋሽ የሚያጥረን በጾሙ ምክንያት ብቻ አይደለም።

ስለ እጅ ሥራውም ልንገራችሁ። እናቴ በመጀመሪያ «አክርማ የለ፣ ሰንደዶ የለ፣ በምን ልሰፋ?» ብላ ነበር። ከሱቅ ራፊያና ባለቀለም ክር ገዛንላት። ወስፌውን ስትይዝ እጇ አልረሳም። አንዲት ትንሽ ሙዳይ ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀባት። የዘጠኝ ዓመት ልጄ አጠገቧ መቀመጥ ጀመረች፤ በዕብራይስጥ ትጠይቃለች፣ እናቴ በአማርኛ ትመልሳለች፣ በወስፌው ላይ ይግባባሉ። እኔም እስካሁን ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ። አለላው በምን ቀለም እንደሚነከር፣ አባቴ ሱዳን ድረስ በየትኛው መንገድ እንደመራቸው፣ ታናሽ እኅቷ የት እንደተቀበረች ጽፌአለሁ። ይህን ሁሉ ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ጠይቄአት ስለማላውቅ ነው።

«እኛ ሠራተኞች ነን፣ ለእንዲህ ያለው ነገር ጊዜ የለንም» አትበሉ። በ1993 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘችው ጥቁር አሜሪካዊት ቶኒ ሞሪሰን ሁለት ልጆቿን ለብቻዋ እያሳደገች፣ በመጽሐፍ አሳታሚ ድርጅት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የምትጽፈው ልጆቹ ነቅተው «እማዬ» ከማለታቸው በፊት፣ ገና ሳይነጋ እየተነሣች ነበር።

አባቶች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። እናት ማለዳ ተነሥታ ያገኘቻት ሰዓት ለልጆች ሳንድዊች መሥሪያ ከሆነች ምንም አልተለወጠም። እኔና ባለቤቴ ስለዚህ ተጨቃጭቀናል። በመጨረሻ በሳምንት ሦስት ቀን የልጆቹን ቁርስ እሱ ሊያዘጋጅ፣ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ እኔ ቤት ሆኜ እሱ ሊሮጥ፣ እናቴም ከጎረቤቷ ጋር እንድትሄድ ተስማማን። ቅዳሜ ሰንበት ነው፤ ወስፌውም ብዕሩም ያርፋሉ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ።

1ኛ፤ ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ከወትሮው በግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ አጥፉ።

2ኛ፤ አብሯችሁ የሚሄድ አንድ ሰው አሁኑኑ ከዚህ አዳራሽ ምረጡ፤ ብቻውን የጀመረ ቶሎ ይተዋል።

3ኛ፤ በቤታችሁ በረንዳ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አባት ወይም እናት ካለ፣ ነገ ጧት ወጥታችሁ ከጎኑ ተቀመጡና ድሮ በዚህ ሰዓት ምን ይሠራ እንደነበረ ጠይቁት።

እኔ አባቴን በጊዜው አልጠየቅሁትም። ከእሱ ጋር በእግሬ ለመሄድም አልነቃሁም። እናንተ ገና ጊዜ አላችሁ።