ሰኞ የሚመለስ መጽሐፍ

ውድ ተመራቂ መምህራን፣

ወደዚህ መድረክ ስጠራ ስለ ትምህርት ጥራትና ስለ መምህርነት ክብር እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ብዙ አሰብኩበት። ስለ ሁለቱም በዚህ ግቢ ውስጥ ስትሰሙ ኖራችኋል፤ እኔ የምጨምርበት ብዙ አይኖርም። አፌን ሞልቼ ልናገር የምችለው ሰሞኑን ስላነበብኳቸው መጻሕፍት ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የኮሌጃችሁ ቤተ መጻሕፍት የውሰት ካርድ ሰጥቶኛል፤ በዚህ አጋጣሚ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፋሲካ ወዲህ በዚያ ካርድ አራት መጻሕፍት ተውሻለሁ። አምስተኛውን ጠይቄ ተከልክያለሁ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

የመጀመሪያው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ስለሆነ «ይህንንማ ማን ያላነበበ አለ?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው እል ነበር። እውነቱን ስናገር ግን መጀመሪያ የሰማሁት እንጂ ያነበብኩት አልነበረም። ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው የሬዲዮ ዝግጅት ሲተርከው፣ ሬዲዮ ያለው ጎረቤታችን ቤት ተሰብስበን ትንፋሻችንን ውጠን እናዳምጥ ነበር። ቡና የምታፈላው ሴትዮ እንኳ ረከቦቱን ሳታንኳኳ ትጠብቃለች። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ ፊደሉን ይከተላል እንጂ የሚያነብልኝ ወጋየሁ ነበር። ዋናው ባለታሪክ በዛብህ የሚያዝነው በወጋየሁ ሐዘን ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ የሚቆጡት በወጋየሁ ቁጣ ነው። እንደዚያ ያለ ድምፅ ዳግም የሰማሁ አይመስለኝም። ነገር ግን ከድምፁ ጋር ፍርዱም ይመጣል፤ የት ላይ ማዘን፣ የት ላይ መሳቅ እንዳለብኝ አስቀድሞ ተወስኖልኝ ነበር።

ዘንድሮ መጽሐፉን ስዋስ አንድ ነገር ወሰንኩ። ማታ ማታ፣ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ፣ ድምፄን አውጥቼ በራሴ አንደበት ላነበው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

በወጣትነቴ መጽሐፉ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በራሴ ድምፅ ሳነበው ግን ቀድሞ ልቤን የያዘኝ ሌላ ነገር ሆነ፤ የስለቱ ነገር። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲተርፍላቸው ብለው ለእግዚአብሔር ይሳሉታል። ከፍቅር የመጣ ስለት ነው፤ ክፋት የለበትም። ልጁ ግን አልተጠየቀም። አድጎ፣ ተምሮ፣ ሰው ወድዶ ሲገኝ ያ ቃል አብሮት አድጎ ይጠብቀዋል። የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ከመምጣቱ በፊት፣ የባላባትና የድሃ ልዩነት ከመነሣቱ በፊት፣ የበዛብህ መንገድ በእናት በአባቱ ጸሎት ታጥሮ ነበር። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አንዲት ተማሪዬ ትዝ አለችኝ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ይሆናል። አሥራ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። ስለ ፍቅር እስከ መቃብር ጥያቄ አውጥቼ ሃምሳ ስምንት ወረቀት አረምኩ። ሃምሳ ሰባቱ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ጭብጡ ፍቅር ነው፣ ደራሲው የባላባት ሥርዓትን ያጋልጣል፣ ጉዱ ካሳ የለውጥ ድምፅ ነው። ይህን ያጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ እነሱ ገልብጠው፣ በፈተና መልሰው ሰጡኝ። አንዷ ልጅ ግን «እኔ ያናደዱኝ የበዛብህ እናት ናቸው» ብላ ጀመረች። ልጅ ሳይጠየቅ ቃል እንደማይገባለት ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች። «ከርዕሱ ወጥተሻል» ብዬ በቀይ ጽፌ ከአሥር አራት ሰጠኋት። ወረቀቷን ስትቀበል እጇን ስታነሣና መልሳ ስታወርድ አይቻለሁ። ልትጠይቀኝ ነበር። አልጠየቀችኝም፤ ከዚያም በኋላ በክፍሌ ውስጥ እጇን ያነሣችበትን ቀን አላስታውስም።

ሃምሳ ሰባቱ ልጆች ያነበቡት የእኔን ማስታወሻ ነው። እሷ ያነበበችው መጽሐፉን ነው። እሷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ያየችውን እኔ ለማየት ጡረታ መውጣት አስፈለገኝ። ተመራቂዎች፣ ከመስከረም ጀምሮ ቀይ እስክሪብቶ በእጃችሁ ይገባል። ይህን የነገርኳችሁ ለዚህ ነው።

ስለ ጉዱ ካሳም ሐሳቤ ተለውጧል። በተማሪነቴ ንግግሮቹን በደብተሬ እገለብጥ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው የሚጠቅሰው እሱን ነው። አሁን ሳነበው ደራሲው በጉዱ ካሳ አፍ ረዘም አድርገው ሲናገሩ ታሪኩ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ይመስለኛል። ዕድሜውን በሙሉ አማርኛ ላስተማረ ሰው ይህን መናገር ቀላል አይደለም፤ ግን ያመንኩበት ነው። በአንጻሩ ባላገሮቹ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር የሚጋጩበት፣ አበጀ በለው መሪያቸው ሆኖ «ይህስ በዛ» የሚሉበት ክፍል ከንግግሮቹ ሁሉ ይበልጥብኛል። እዚያ የሚሰብክ ሰው የለም፤ ሥርዓቱ ሲሰነጠቅ ግን በዓይናችን እናያለን።

የተዋስኩት ቅጂ ጀርባው በፕላስተር ተጣብቋል፤ ጠርዙ ጠቁሯል። በዛብህና ሰብለ በትምህርት ሰበብ የሚቀራረቡበት ገጽ ላይ አንድ ሰው በእርሳስ «አይዞሽ» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ «ለእሱስ?» የሚል አለ። በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው፤ እናንተም ከልክሉ። ቢሆንም ሁለት የማይተዋወቁ ልጆች፣ ምናልባትም በተለያየ ዓመት የተማሩ፣ በአንዲት ገጽ ኅዳግ ላይ ተገናኝተው ሲከራከሩ ማየቴ ደስታዬን እጥፍ አድርጎታል። እንደዚህ ያለ መልስ በፈተና ወረቀት ላይ ሳላገኝ ነው ጡረታ የወጣሁት።

ሁለተኛው «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. አሳተመው፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን እያወቁ መጽሐፉን መተቸት ነውር ይመስላል፤ ለብዙ ዓመታት እኔም አልደፈርኩም። አሁን ግን ደራሲን የምናከብረው የጻፈውን በቁም ነገር ስንመዝን ነው ብዬ አምናለሁ። አስመራን፣ በኤርትራ የተካሄደውን የደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጥድፊያ፣ በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ ያለውን ፍርሃት እንደ በዓሉ አድርጎ የጻፈልን አላውቅም። ሮማንን ግን በድሏታል። ዋናው ባለታሪክ ፀጋዬ ኃይለማርያም አዲስ አበባ ላይ ጥሏት የሄደው እጮኛው ናት፤ ሌላዋ ሴት ፊያሜታ ከመጣች በኋላ ደራሲውም እንደ ፀጋዬ ፊቱን ያዞርባታል። ፊያሜታ ራሷ ከሰው ይልቅ ለሕልም የቀረበች ናት። ይህን ሁሉ ብዬም መጽሐፉን በሁለት ሌሊት ጨርሼዋለሁ።

ሦስተኛው ስለ ስኬት የተጻፈ ትርጉም ነበር። ስሙን አልጠራም። አርባኛው ገጽ ላይ መለስኩት። ምክሮቹ ሁሉ የተጻፉት ከማጣት ጋር ተገናኝቶ ለማያውቅ ሰው ነው፤ በልቼ ልደር ለሚል ሰው የሚለው ነገር የለውም። መጽሐፍ ያለ መጨረስ መብት ነው፤ ለተማሪዎቻችሁም ይህን መብት ስጧቸው።

አራተኛው ግን ቀኑን ሁለት ጊዜ ያስረዘምኩት ነው። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»። ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ አንድ ገጽ ሳነብ ግን አንድ ሰዓት ያሳስበኛል። ከአድዋ አካባቢ የተነሡ ልጅ፣ በምፅዋ በኩል በመርከብ ወጥተው፣ በጀርመን አገር ተምረው፣ ተመልሰው በድሬዳዋ ጉምሩክ የሠሩ ሰው ናቸው። በ1911 ዓ.ም. ሲሞቱ ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማቸው ነበር፤ መጽሐፉ የታተመው እሳቸው ካለፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ደክሞ ጥቂት እንደሚያገኝ፣ ጥሬ ዕቃውን እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገርም በየዓመቱ ድካሙን ለሌላው እንደሚያስረክብ ያስረዳሉ። ቡናው፣ ቆዳው ሲወጣ፣ ጨርቁና ብረታ ብረቱ ሲገባ በጉምሩክ በር ላይ ቆመው ያዩ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይመስልም። የምወድደው ቋንቋቸውን ነው። ከመቶ ዓመት በፊት፣ ስለ ምጣኔ ሀብት፣ አንድም ጊዜ ሳይንዛዙ በአማርኛ ጻፉ። «ይህ ጉዳይ በአማርኛ አይገለጽም» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ይህን መጽሐፍ ስጡት።

አሁን ወደ ተከለከልኩት መጽሐፍ ልምጣ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። ሪፈረንስ ስለሆነ ከክፍሉ አይወጣም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ «አባባ፣ መውሰድ አይቻልም፤ እዚህ ግን እስከፈለጉ ድረስ ይቀመጡ» ብላ መስኮቱ ሥር ወንበር ሰጠችኝ። ለአራት ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀመጥኩ። ቃላቱ የተደረደሩት በሀ ሁ ሳይሆን በአበገደ ነው፤ በሀለሐመ ያደገ እጄ መጀመሪያ ቀን ይሳሳት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ለመደው።

የዚህን መጽሐፍ አወላለድ ታውቃላችሁ? መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት። ሳይጨርሱ ሲያልፉ ኢየሩሳሌም አብረዋቸው ለነበሩት ተማሪያቸው ለኪዳነ ወልድ ተዉት። ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሰጥተው አሰፉት፤ እሳቸውም ሳይታተምላቸው አረፉ። ሥራውን ለተማሪያቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራ ብለው ነበር፤ ደስታ ተክለ ወልድም በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። የራሳቸውን ትልቅ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ለኅትመት ያበቁት ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው። አስቀድመው የመምህራቸውን አደራ ተወጡ፤ የራሳቸው ወረፋ ጠበቀ። መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ዕንባ የመጣብኝ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። የመጀመሪያው መምህር መጽሐፉን አላየውም። ሁለተኛውም አላየውም።

ስለ መጽሐፉ ያለኝ አስተያየት ይኸው ነው፤ በአማርኛና በግዕዝ ከተሠሩ ሥራዎች ሁሉ ለእኔ የሚበልጥ የለም። ቅር የሚለኝ በብዙ ትምህርት ቤት አለመኖሩ ነው።

ስለ ትምህርት ቤት ካነሣሁ ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። ብዙዎቻችሁ ወደ ገጠር ትመደባላችሁ። እዚያ «ላይብረሪ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክፍል ታገኛላችሁ፤ ቁልፍም ታገኛላችሁ። እኔ ባስተማርኩበት በአንዱ ትምህርት ቤት ሁለት ቁምሳጥን ሙሉ መጽሐፍ ነበር፤ በንብረት መቀበያው ሞዴል 19 ገብቶ ለዓመታት በማውጫው ሞዴል 22 ያልወጣ። ቁልፉን የያዘው ሰው ክፉ አልነበረም። በቆጠራ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ቢጎድል ከደመወዙ እንደሚቆረጥ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ቆለፈ። ቆጠራው ሁልጊዜ ልክ ይመጣል። ልጆቹ ግን አንድም መጽሐፍ ሳይነኩ ስምንተኛ ክፍል ጨረሱ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ቁልፉን አጥብቄ አልጠየቅኩም፤ ይህም ያስጨንቀኛል።

መዋስና ዋስ መሆን በጆሮዬ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። መጽሐፍ የተዋሰ ልጅ ለመጽሐፉ ዋስ ነው። እምነት ስትጥሉበት አንዳንዱ ያጠፋል፤ አውቃለሁ፤ እኔም አጥፍቼ ከፍያለሁ። ለሚጠፋው የሚሆን መዝገብና ደንብ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግራችሁ አስተካክሉ፤ የጠፋውን የወላጅ ኮሚቴ ይተካ፤ ሌላም መላ ካላችሁ ተጠቀሙበት። ቁምሳጥኑ ግን ይከፈት። ልጁ መጽሐፉን ይዞ ቤቱ ይሂድ፤ ለእናቱ ድምፁን አውጥቶ ያንብብላት። ሲመልስም «ጭብጡ ምንድን ነው?» አትበሉት። «ማን አናደደህ?» በሉት።

እናንተ ክሊራንስ ስለጨረሳችሁ ከዚህ ቤተ መጻሕፍት ከእንግዲህ መዋስ አትችሉም፤ ታናናሾቻችሁ ግን አሉ። ፍቅር እስከ መቃብርን ሰኞ እመልሳለሁ። ሌሎቹን መልሻለሁ፤ እሱን ግን ለዛሬው ንግግር ብዬ አቆይቼዋለሁ። በመጽሐፉ ላይ መጻፍ ክልክል ስለሆነ፣ ስለቱ በሚነገርበት ገጽ መሐል አንዲት ቁራጭ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ስለ ውድነሽ ያለኝን ሐሳብና ያቺ ተማሪዬ የጻፈችውን፣ እስከማስታውሰው ድረስ፣ አስፍሬባታለሁ። ከእኔ ቀጥሎ የሚዋሰው ካልተስማማ ከሥሩ ይጻፍልኝ። በመስከረም መልሼ እዋሰዋለሁ።