ሳናዝዘው የሚሠራው ነርቫችን
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን ቁጠባቸውን ሊያስመዘግቡ ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ጨለመባቸውና ወደቁ። እኛም "ጾሙ ነው"፣ "ድካም ነው" ተባብለን ውሃ ሰጥተን አስቀመጥናቸው። የስኳር ሕመም እንዳለባቸው የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጠየቅን፣ አነበብን። እኛ የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች ሐኪሞች አይደለንምና በለመድነው ቋንቋ እንናገረው።

ከአንጎላችን 12 ጥንድ፣ ከሕብለ ሰረሰራችን 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። ሥራቸው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሶማቲክ ይባላል። ሲኒ ስናነሣ፣ ሊጥ ስናቦካ ጡንቻችንን የሚያዝዘው፣ የቆዳችንንም ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው እሱ ነው። እኛው ፈርመን እንደምናወጣው ቼክ ማለት ነው። እርግጥ ትኩስ ምጣድ ሲነካን እጃችንን የምንስበው ፊርማ ሳንጠብቅ ነው፤ ትእዛዙ ከሕብለ ሰረሰር ይወጣል፣ አንጎል በኋላ ይሰማል።

ሁለተኛው ኦቶኖሚክ ነው። ልብን፣ የደም ሥሮችን፣ ጨጓራን፣ ፊኛን፣ ላብን ይቆጣጠራል፤ ፊርማችንን አይጠይቅም። መንገዱም ይለያል። የሶማቲኩ ትእዛዝ ከሕብለ ሰረሰር እስከ ጡንቻ በአንድ የነርቭ ሕዋስ ሲደርስ፣ የኦቶኖሚኩን ግን በመካከል ሌላ ሕዋስ ተቀብሎ ያሻግረዋል፤ በገንዘብ ያዥ እጅ እንደሚያልፍ ክፍያ።

ኦቶኖሚኩም ሁለት ክንፍ አለው። ሲምፓቴቲኩ ስንደነግጥ ልባችንን ያስሮጣል፣ አፋችንን ያደርቃል፣ መዳፋችንን ያልበዋል። ፓራሲምፓቴቲኩ በልተን ስናርፍ ልብን ያረጋጋል፣ ምግብ እንዲፈጭ ያደርጋል። የብድር ኮሚቴ ፊት ቀርባ እጇ የሚያልባት እህት ዋሽታ አይደለም፤ ይህን ለኮሚቴው አባላት ብለን ነው የምንናገረው።

ወደ እናታችን እንመለስ። ከተቀመጥንበት ስንነሣ ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ የሚበልጥ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ሲምፓቴቲኩ ወዲያው የደም ሥሮችን አጥብቦ፣ የልብ ምትን ጨምሮ ደሙን ወደ አንጎል ይመልሰዋል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር እነዚህን ነርቮች ከጎዳቸው ግን ትእዛዙ በትክክል አይደርስም፤ ግፊት ይወርዳል፣ ዓይን ይጨልማል። በቆምን በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የግፊት ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪም ሊያየው ይገባል። አንዳንድ የግፊት መድኃኒትም ይህንኑ ሊያመጣ ይችላል፤ ለሐኪም ይነገራል እንጂ በራስ ፈቃድ አይቆምም።

ጉዳቱ ለሶማቲኩም አይመለስ። እግር ይደነዝዛል፤ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር አቁስሎ እንኳ ላይሰማ ይችላል። እኛን ይበልጥ ያስደነገጠን ግን ሌላው ነው፦ ስኳር ከመጠን በላይ ሲወርድ የሚያስጠነቅቁን ላብና የልብ ምት ሳይታዩ ሊቀሩ ይችላሉ። ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ሰው ራሱን ይስታል።

እናታችን ተኝተውም ቆመውም ግፊታቸውን ተለክተዋል፣ መድኃኒታቸውም ተስተካክሎላቸዋል። ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ጥቂት ይቀመጣሉ። እኛም ከዛሬ ጀምሮ ለቁጠባ ማንንም ከወንበር አናስነሣም፤ መዝገቡን ይዘን እኛው እንዞራለን።