የከተማ እድፍ ወደ ወንዝ ሳይገባ ስለሚጣራበት ሥራ



በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የሚዘንመው ዝናም ሁለት መንገድ አለው። ከአንኮበር ገደል ወደ ምሥራቅ የወረደው ቆላውን ይዞ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በደብረ ብርሃን ሜዳ የወረደው ግን በበሬሳ ወንዝ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ በሬሳም ከጀማ ይገባል፥ ጀማም ከዓባይ ይቀላቀላል። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ከተማ ወደ ፈፋ የተደፋ እድፍ በዚያው አይቀርም፤ ከከተማው በታች ከብቱን የሚያጠጣና አትክልቱን የሚያለማ ገበሬ ይቀበለዋል።

የሚሄድ ውሃ እድፍ አይዝም የሚል አያሌ ሰው አለ። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፥ ነገር ግን ልክ አለው። በወንዝ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ፥ ባክቴርያ የሚባሉ ደቂቅ ፍጥረቶች አሉ። እነርሱ እድፉን ይበሉታል፤ ሲበሉም በውሃው ውስጥ የሟሟውን አየር ይተነፍሳሉ። እድፉ ጥቂት የሆነ እንደ ሆነ ወንዙ ጥቂት መንገድ ሂዶ ይጠራል። የበዛ እንደ ሆነ ግን እነዚያ ፍጥረቶች እጅግ ይራባሉ፥ አየሩንም ይጨርሱታል፤ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል፥ ውሃውም ጠቁሮ ይሸታል። በሐምሌና በነሐሴ ወንዝ ሞልቶ ሁሉን ይጠርጋል። በጥርና በየካቲት ግን ይቀጥናል፤ ከተማው ደግሞ በበጋም ይታጠባል፥ ፋብሪካውም አያርፍም።

የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሚባለው፥ ወንዝ በረዥም መንገድ የሚሠራውን ሥራ በአንድ ስፍራ ተወስኖ እንዲፈጸም የሚያደርግ ነው። አስቀድሞ ጨርቁና እንጨቱ በብረት ወንፊት ይቀራል፥ አሸዋውም ይዘቅጣል። ከዚያ ውሃው ወደ ኩሬዎች ይገባል። በጥልቁ ኩሬ አየር የማይሹ ፍጥረቶች የዘቀጠውን ያብላሉታል። ቀጥሎ ባለው ሰፊ ኩሬ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ልምላሜ በፀሐይ ብርሃን አየር ያወጣል፥ ባክቴርያውም ያንን እየተነፈሰ የቀረውን እድፍ ይበላል። በመጨረሻው ኩሬ ውሃው ቀን ቈጥሮ ሲቀመጥ ፀሐይ የበሽታውን ዘር ትገድላለች፥ የወስፋትም እንቍላል ወደ ታች ይሰጥማል። ይህ ዓይነት ሥራ ሞተር ስለማይሻ ለታናሽ ከተማ ይስማማል። ነገር ግን ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፥ ብርዱም የፍጥረቶቹን ሥራ ስለሚያዘገይ፥ ኩሬው ከቆላው ኩሬ የሰፋ ሊሆን ይገባዋል። የቆላውን ልክ ወስዶ በደጋ የሚቆፍር ሰው ገንዘቡን ውሃ ይበላዋል።

ሁለተኛም መንገድ አለ። በ1914 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ አርደርንና ሎኬት የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ አንድ ነገር ገለጹ። በፍሳሹ ውስጥ አየር እየነፉ፥ የዘቀጠውን ጭቃ ሳይጥሉ ለሚቀጥለው ውሃ ቢያቆዩት፥ ያ አዲስ ውሃ በጥቂት ሰዓት ይጠራል። ሴቶቻችን እርሾውን አስቀርተው የሚቀጥለውን ሊጥ እንደሚያቦኩበት ያለ ነው። ብቻ ይህኛው መብራት ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ጊዜም ፍጥረቶቹ ይታፈናሉ።

በአዲስ አበባ የቃሊቲ ጣቢያ ለብዙ ዘመን በኩሬ ሲሠራ ኖሮ፥ በ2018 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያጣራ ሁኖ ታደሰ። ነገር ግን ቧንቧው ያልደረሰበት ቤት ብዙ ነውና የአቃቂ ወንዝ ገና አልጠራም። ለታናሹም ከተማ ነገሩ ይኸው ነው። አብዛኛው ቤት የጕድጓድ ሽንት ቤት ስላለው፥ ጕድጓዱ ሲሞላ የሚመጠው መኪና ጭነቱን የሚያፈስሰው በጣቢያው እንጂ በሌሊት በፈፋ ውስጥ እንዳይሆን የሰፈሩ ሽማግሎች ሊያውቁት የሚገባ ነው።

የፋብሪካ ቀለምና መርዝ ደግሞ ከቤት እድፍ ጋራ አንድ አይደለም። ባክቴርያውን ራሱን ስለሚገድል፥ ፋብሪካው በገዛ ግቢው አስቀድሞ ሊያጣራው ይገባል። ከኩሬው የሚወጣው ውሃም ለወንዙ ነው እንጂ ለመጠጥ አይደለም። የደረቀውን ዝቃጭ ገበሬ ለማሳው ቢሻው፥ የወስፋት እንቍላል በብርድ አገር ረዥም ጊዜ ስለሚቆይበት፥ ብዙ ወር ተከምሮ ሳይሰነብት አይወስደውም፤ ጥሬውን ለሚበላ አትክልትም አያደርገውም።