መኪናው፣ ሾፌሩና የገበሬው ኩንታል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
የተከበራችሁ የዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድ አባላትና ሠራተኞች፣
ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣



እንደሚታወቀው የዩኒየን ሥራ ግማሹ የማጓጓዝ ሥራ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ ቀበሌ ይገባል፤ እህል፣ ጥራጥሬና ሰሊጥ ወደ ገበያ ይወጣል። በዓመታዊ ሪፖርት ላይ የሚቆጠረው ግን ኩንታሉ ነው እንጂ ኩንታሉን ያደረሰው ሰው አይደለም። በመሆኑም ሾፌሩ ትናንት ምን ያስፈልገው እንደነበር፣ ዛሬስ ምን እንደሚያስፈልገው ማየቱ ለገበሬውም ይጠቅማል።

የመጀመሪያዎቹ ዘመናት

መኪና አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ለጎንደርና ለሰሜን ደጋ ግን የመኪና ዘመን የጀመረው በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ነው። ከአሥመራ ተነሥቶ በአዲ አርቃይና በዛሪማ አልፎ ሊማሊሞን በመጠማዘዣ የሚወጣው መንገድ የተሠራው ለወራሪው ጦር ማመላለሻ ነበር። ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ ከመንገዱም ጋር ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ የሚሉት የሾፌር ቃላት ቀሩ።

የዚያን ጊዜ ሾፌር የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ይነሣል። ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የካላማዳሪያ መለጠፊያ፣ በርሜል ነዳጅ፣ ለራዲያተር የሚሆን ውኃ፣ ስንቅና ጋቢ አይለዩትም። ደባርቅን በመሰለ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የድሮ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፤ ውኃውም ይፈላል። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል። ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል። በመሆኑም ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲወርድ ረዳቱ ታኮ ይዞ በእግሩ ይከተላል፤ መኪናው ሲቆም ታኮውን ከጎማው ሥር ይወትፋል። ብዙ ሰው ረዳትን እንደ ተላላኪ ያየዋል፤ በሊማሊሞ ግን የመኪናው ሁለተኛ ፍሬን ነበር።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ ጥገናው ቋሚ ባለቤት አገኘ። በደርግ ዘመንም በቻይና እርዳታ የወረታ–ወልድያ መንገድ ተሠርቶ ጎንደርን ከወሎ ጋር አቀራረበ። ያም ሆኖ ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ተሳፋሪ መንገድ ላይ አድሮ በማግሥቱ ይደርስ ነበር።

ሥራውም ተለወጠ

በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው የአብዮቱ መባቻ አንድ ምክንያት ሆኑ። በደርግ ጊዜ የግል የጭነት መኪናዎች በቀጣና ተደራጅተው ጭነት በመንግሥት ስምሪት ይታደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ይህ ቁጥጥር ሲነሣ ሾፌሩና ባለንብረቱ ጭነት ራሳቸው የሚፈልጉ ሆኑ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ ወደብና የአሥመራ መስመር ተዘጉ፤ የጎንደርም ማዳበሪያ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከጅቡቲ የሚመጣ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን እርዳታ የተሠራው የዓባይ በረሃ አዲስ ድልድይ ተመርቋል፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ዳሩ አዲስ የዓባይ ድልድይ ተከፍቷል። ወደ ደባርቅና ወደ መተማ አስፋልት ገብቷል። አይሱዙ ገጠር ድረስ ይዘልቃል፤ በጎንደር ከተማ ባጃጁ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ይርመሰመሳል። ጎማ የፈነዳበት ሾፌር ስልክ ደውሎ ጎሚስታ ይጠራል።

የዛሬው ሾፌር ምን ይፈልጋል?

ዋናው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። የድሮው ሾፌር የሚያስፈልገውን በመኪናው ይጭነዋል። የዛሬው ሾፌር የሚያስፈልገው ግን በሌላ ሰው እጅ ያለ ነገር ነው። የነዳጅ አቅርቦት፣ የመልስ ጭነት፣ የዕረፍት ቦታ፣ ከሁሉም በላይ የመንገድ ሰላም በክሪክና በታኮ አይገኙም።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ የጎንደር–ሽሬ መስመር ተቆረጠ። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተፈጠረው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል፤ ሾፌሮች ታግተው የማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል፣ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። ሊማሊሞን በማርሽ ያወረደ ብልሃት ለዚህ አይበቃም።

የዚህ ሁሉ ዕዳ ገበሬው ላይ ይወድቃል። አንድ ባለተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ማዳበሪያ ይጭናል፤ ይህም ባለ50 ኪሎው 800 ከረጢት ነው። ያ መኪና በሰኔ አንድ ሳምንት ከዘገየ 800 ከረጢት የሚጠብቅ ማሳ አብሮ ይዘገያል። በጃናሞራና በበየዳ ከፍታዎች ደግሞ ክረምቱ መንገዱን ካጨቀየው በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ወደ ቀበሌ የሚገባው በአህያና በሰው ጀርባ ነው።

ከማኅበራት ምን ይጠበቃል?

የመንገድ ሰላም በዩኒየን አቅም ብቻ አይገኝም። ይሁን እንጂ በማኅበራት እጅ ያሉ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ መኪና ከመድረሱ በፊት መጋዘን፣ ጫኝና አውራጅ እንዲሁም ሰነድ ይዘጋጅ። መጋዘን በር ላይ ሁለት ቀን የቆመ መኪና የሁለት ቀን ዋጋውን ከሚቀጥለው ኪራይ ላይ ያወጣል፤ ከፋዩም አባሉ ነው።

ሁለተኛ፣ ማዳበሪያ ያመጣ መኪና ባዶውን አይመለስ። እህል ከታኅሣሥ በኋላ ለገበያ ይወጣል፤ ማዳበሪያም የሚገባው ከክረምት በፊት ነው። ሁለቱን ማገናኘት የኪራይ ዋጋ ያወርዳል።

ሦስተኛ፣ በየመጋዘኑ ግቢ ጥበቃ ያለው ማቆሚያ፣ ውኃ፣ መጸዳጃና አንድ የመኝታ ክፍል ይኑር። እንቅልፍ ያላገኘ ሾፌር በቁልቁለት ላይ ራሱንም ጭነቱንም መንገደኛውንም ይዞ ይወድቃል።

አራተኛ፣ መንገድ ሰላም አለመሆኑ ሲሰማ ሾፌሩ «ግዴታህን ፈጽም» ተብሎ አይገፋ፤ በዚህ ምክንያት ለዘገየም ቅጣት አይጣልበት። አባላትም በገበያ ቀን ከእህል ጭነት በላይ ለመሳፈር ሾፌሩን አታስጨንቁ። እምቢ ያለ ሾፌር ክፉ ሰው አይደለም፤ ከነቤተሰባችሁ ሊያተርፋችሁ ነው።

የተከበራችሁ የበዓሉ ታዳሚዎች፣

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል በየማኅበሩ ስብሰባ ይነሣል። ማሳውን ከወደቡና ከገበያው ጋር የሚያያይዘው ክር በሾፌሩ እጅ ነው። በመጪው ዓመት ሪፖርት ላይ ከኩንታሉ አጠገብ መኪናው ስንት ቀን በር ላይ እንደቆመና ሾፌሩ በሰላም ወደ ቤቱ እንደገባም ቢጻፍ፣ የዩኒየኑ ሥራ የተሟላ ይሆናል።

መልካም በዓል!