የኅዳር ማለቂያ ብርድና የሌሊት ከሰል



ዛሬ የቀረብሁት ከኅዳር 24 ቀን እስከ ኅዳር 30 ቀን ድረስ ስላለው ሳምንት የአየር ጠባይ ጥቂት ቃል ለመናገር ነው። አገሩን ሁሉ ለማዳረስ አልሞክርም፤ አዲስ አበባንና ከእርስዋ በስተ ሰሜን ያለውን የሸዋ ደጋ መሠረት አድርጌ፥ የቀረውን በአጭሩ እጠቅሳለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። አውሮፓውያን ታኅሣሥንና ጥርን ይዞ የሚመጣውን የብርድ ወራት የሚጠሩበት ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «ክረምት» ተብሎ ይተረጐማል። ለእኛ ግን ክረምት ማለት ዝናም ነው፤ ጭቃና ጐርፍ ነው። በአባቶቻችን የዘመን አቈጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ጊዜ መፀው ይባላል፤ በጋው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ በአንድነት በጋ ይሉታል። እንግዲህ ከውጭ አገር «በመጪው ክረምት» የሚል ደብዳቤ ተተርጉሞ ከጠረጴዛችሁ ላይ ቢደርስ፥ ቀጠሮውን በሰኔ ከመጻፋችሁ በፊት ዋናውን ደብዳቤ ማየት ሳይሻል አይቀርም።

ወደ ነገሩ እንመለስ። በዚህ ሳምንት በደጋው አገር የሚጠበቀው የወራቱ ልማድ የሆነው ጠባይ ነው። ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ የጠራ፥ ቀኑ ፀሐያማ፥ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ደረቅ ነፋስ፥ ሌሊቱና ማለዳው ግን ብርድ ነው። እኩለ ቀን ላይ ኮትን አስወልቆ በክንድ የሚያስይዘው ፀሐይና ጧት ጣትን የሚያደነዝዘው ብርድ የሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ሥራ ይመስላሉ። የሁለቱም ምክንያት ግን አንዱ የጠራ ሰማይ ነው። ምድር በቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት በሌሊት ወደ ላይ ትመልሳለች። ደመና ያለ እንደ ሆነ ከዚሁ ሙቀት ብዙውን ተቀብሎ ወደ ታች ይመልሰዋል። ደመናው ከሌለና አየሩም ደረቅ ከሆነ ግን ሙቀቱ የሚያግደው ሳያገኝ ያመልጣል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የሐምሌ ሌሊት በአማካይ ከ10 ዲግሪ ብዙ ሳይርቅ፥ የዚህ ወራት ሌሊት ወደ 8 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ አንዳንድ ሌሊት ከዚያም እጅግ ያንሳል። ቀኑ ግን በተቃራኒው ከሐምሌ ቀን ይልቅ ይሞቃል።

ብርዱ የሚበረታው ብዙ ሰው እንደሚያስበው በእኩለ ሌሊት አይደለም። ምድር ሙቀቷን ስትሰጥ ታድራለችና የመጨረሻው ዝቅታ የሚገኘው ጎሕ ሲቀድ፥ ፀሐይ ልትወጣ ስትልና ከወጣችም በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ነው። ልጆች ለትምህርት ቤት የሚነሡት በዚሁ ሰዓት ነው።

የቦታውም ከፍታ ልዩነት ያመጣል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ነው፤ ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ተቀመጠች በእነዚህ ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ መንዝ የምትሄዱ ሰዎች የአዲስ አበባን ሹራብ አትመኑ፤ የመንዝ ሰው ከበግ ጠጕር ባናና በርኖስ የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ብርድ አየር ከሞቃቱ ይልቅ ከባድ በመሆኑም ሌሊት እንደ ውሃ ቍልቍል እየፈሰሰ ከረባዳው ስፍራ ይተኛል። ከዚህ የተነሣ ከኮረብታው ወገብ ላይ ያለው ቤት ደኅና ሲያድር፥ ከበታቹ ባለው ሜዳ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይነጋል። ኅዳር 12 ቀን ጧት የተቃጠለው ቈሻሻ ጢስ ወደ ሰማይ መውጣት ትቶ በሰፈሩ ላይ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ መዋሉን ያየ ሰው ይህን ነገር በዓይኑ አይቶታል። ከታች ያለው ብርድ አየር፥ ከላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ስለ ገጠመበት፥ ጢሱን ይዞት ይቀራል።

በባላገር ወቅቱ የአጨዳና የውቂያ ነው። ደረቁ አየር ለአውድማ የተመቸ ነው፤ ዘግይቶ የተዘራ ባቄላ ግን ገና እሸት ሳለ ውርጭ ካገኘው ይጠቍራል። በበጋ አንዳንድ ጊዜ ከሰሜን በኩል የሚመጣ የአየር እንቅስቃሴ ያለ ወቅቱ ደመና ያመጣል፤ ያን ጊዜ ሌሊቱ ሲሞቅ የከተማው ሰው ደስ ይለዋል፥ ያልተከመረ ጤፍ ያለው ገበሬ ግን ይጨነቃል። ዘመድ ያላችሁ፥ ደመና ሲሰበሰብ ካያችሁ ስልክ ደውላችሁ ክምሩን እንዲከድን ብትነግሩት መልካም ነው። በቦረናና በሶማሌ በኩል ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ከጥቅምት ጀምሮ የሚዘንበው ሁለተኛው ዝናማቸው በዚህ ሰሞን ወደ ማብቂያው ይቃረባል፥ እረኛው የሚመኘውም ጥቂት እንዲቈይለት ነው።

አሁን ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ወዳደረገኝ ነገር ልምጣ። በከተማችን ብርድ ሲበረታ ብዙ ቤተ ሰብ የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ፥ በሩን ዘግቶ፥ የመስኮቱንም ቀዳዳ በጨርቅ ወትፎ ይተኛል። «ከሰሉ ጨርሶ ተያይዟል፤ ጢስ የለውም» ይባላል። ጉዳቱ ከዚህ ላይ ነው። ጢስ ቢሆን ኖሮ ዓይንን አቃጥሎ፥ አስሎ፥ ሰውን ከአልጋው ባስነሣው ነበር። ከቀላው ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ግን ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ይይዘዋል፤ ስለዚህ በጥቂቱም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ የተሳበ እንደ ሆነ ይገድላል። አመድ የለበሰ ረመጥም እንደ ጠፋ አይቈጠርም፤ መርዙን መስጠቱን አይተውም።

ምልክቱ የራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጕልበት መክዳት ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢያመው ምች ነው ወይም ብርድ ነው ይባል ይሆናል። በአንድ ቤት ያደሩ ሁሉ በአንድ ጧት ራሳቸውን ካመማቸውና ከደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው ግን ከሰሉን ጠርጥሩ። የደከመውን ሰው ፈጥናችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ከዚያም ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ ተኝቶ ይለፍለት አትበሉ። ቡና ሲፈላ በሩ ይከፈት፤ ከመኝታ በፊት ምድጃው ከነፍሙ ወደ ደጅ ይውጣ። ለሌሊቱ ተጨማሪ ጋቢና ብርድ ልብስ ይበቃል።

ከእናንተ መካከል የመሥሪያ ቤት ኀላፊ የሆናችሁ ደግሞ፥ ነገ ጧት ስትገቡ ከበሩ አጠገብ ያለችውን የዘበኛ ቤት ጐራ ብላችሁ እዩ። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ጠባብ ክፍል ናት፤ ነፋስ እንዳይገባባት በላስቲክ ትሸፈናለች፥ ከውስጧም ምድጃ አይጠፋም። ዘበኛው ምድጃውን ከደጅ አድርጎ እንዲሞቅ ንገሩት፤ ወፍራም ካፖርትና ብርድ ልብስም ይህ ሳምንት ሳያልፍ ከግምጃ ቤት ወጪ ይደረግለት።