ማታ በሩ የማይዘጋ ትምህርት ቤት

ለመንደር መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



ሕፃን በመንደር ውስጥ ስፍራ አለው፤ የእናቱ ጉያና የአባቱ ደጅ ስፍራው ነው። ሽማግሌም ስፍራ አለው፤ ዕድሩና ሰንበቴው፥ የዋርካውም ጥላ ስፍራው ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ጐረምሳና ልጃገረድ ግን የቀን ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ ወዴት ይሂዱ? ከሕፃናት ጋር እንዳይጫወቱ አድገዋል፤ ከሽማግሌዎች ጋር እንዳይመክሩ ገና ልጆች ናቸው። ስለዚህ ጐረምሳው ወይ በመንገድ ዳር ይቆማል፥ ወይ ወደ መጠጥ ቤት ያዘነብላል፥ ወይም እግሩ ወደ ከተማ ይመራዋል፤ ልጃገረዲቱም የተማረችውን ፊደል በጓዳ ውስጥ ትረሳዋለች። መንደር ልጆቹን የሚያጣው በአንድ ቀን አይደለም፤ በየማታው ጥቂት በጥቂት ነው።

ይህ ችግር የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር ገጠር ይኸው ችግር ታይቶ፥ አንድ የትምህርት ሹም መድኀኒቱን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ፈለገው። ሥራው ለመንደር ትምህርት ቤት ሁሉ ምሳሌ ሊሆን የሚችል ስለ ሆነ ታሪኩ ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሰውዬው ሄንሪ ሞሪስ ይባላል። በ1889 ሳውዝፖርት በምትባል ከተማ ተወለደ፤ አባቱ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። እርሱም በ14 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በአንድ ጋዜጣ ቤት ተቀጠረ። ነገር ግን ትምህርትን ከልቡ ስላልጣለ ቈይቶ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ገባ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜም ዘመተ። ከጦርነቱ ተመልሶ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ቀጠለ፤ በ1922 የካምብሪጅሺር አውራጃ የትምህርት ሹም ሆነ። እንግዲህ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲለይ ምን እንደሚገጥመው ከራሱ ዕድሜ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

የካምብሪጅ ከተማ በትልቁ ዩኒቨርሲቲዋ በዓለም ሁሉ የታወቀች ናት። በዙሪያዋ ያለው ገጠር ግን በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ አገር ድኾች አውራጃዎች አንዱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የእህል ዋጋ ስለ ወደቀ ገበሬው ተቸግሮ ነበር። የመንደሮቹ ትምህርት ቤቶች ትናንሾችና ያረጁ ነበሩ፤ በብዙዎቹም የአምስት ዓመት ሕፃንና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ክፍል ይማሩ ነበር። ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው ትምህርቱ አበቃ። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ የሚያነብበት፥ እጁን በጥበብ የሚያሠለጥንበት፥ ከጓደኞቹም ጋር በመልካም ጨዋታ የሚያርፍበት ቤት በመንደሩ አልነበረም፤ እነዚህ ሁሉ በከተማ ነበሩ። ስለዚህ ከወጣቶቹ ንቁ የሆኑት ወደ ከተማ ይሄዱ ነበር።

ሞሪስ ነገሩን ባየ ጊዜ፥ ስሕተቱ በወጣቶቹ ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ እንደ ሆነ ተረዳ። መንግሥት በየመንደሩ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ትምህርት ቤት ይሠራል፤ ያም ቤት ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲወጡ ተቈልፎ እስከ ጥዋት ባዶውን ያድራል። በዚያው ሰዓት ወጣቱ መጠለያ፥ እናቲቱ ሕፃኗን የምታስመረምርበት ስፍራ፥ ገበሬው ስለ እርሻው የሚጠይቀው ሰው፥ ማኅበሩም የሚሰበሰብበት አዳራሽ ያጣል። ለእያንዳንዱ ልዩ ልዩ ቤት ለመሥራት የድኻ አውራጃ ገንዘብ አይበቃም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ግቢ መሰብሰብ፥ ገንዘቡንም ማስተባበር ይሻላል ብሎ አሰበ። ይህንንም ሐሳብ በ1924 በአንድ አነስተኛ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለአውራጃው ምክር ቤት አቀረበ። ቤቱን «የመንደር ኮሌጅ» ብሎ ሰየመው። የሐሳቡም ሥር ይህ ነበር፤ ትምህርት ሰው በ14 ዓመቱ ጨርሶት የሚወጣው ነገር አይደለም፤ ሕፃኑም ጐረምሳውም አያቱም እንደየዕድሜያቸው ድርሻ ያላቸው አንድ ቤት መሆን አለበት።

ሐሳቡን ማቅረብ ቀላል ነበር፤ መፈጸሙ ግን ስድስት ዓመት ወሰደ። የአውራጃው ገንዘብ ጥቂት ስለ ነበረ ሞሪስ ራሱ እየዞረ በጎ አድራጊዎችን ለመነ፤ ከአሜሪካም ሳይቀር ርዳታ አገኘ። በመጨረሻ በ1930 ሶስተን በምትባለው፥ ወረቀትና ቆዳ በሚሠራባት መንደር የመጀመሪያው የመንደር ኮሌጅ ቆመ። የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ መጥቶ መረቀው። ቦቲሻምና ሊንተን በ1937፥ ኢምፒንግተን ደግሞ በ1939 ተከተሉ።

የቤቱ አሠራር እንደሚከተለው ነበር። ከ11 ዓመት በላይ ያሉ ልጆች ከሶስተንና ከአጎራባች መንደሮች በጥዋት እየመጡ ይማራሉ። በእንጨት ሥራ፥ በብረት ሥራና በወጥ ቤት ክፍሎች እጃቸውን ያሠለጥናሉ፤ በአትክልቱ ይሠራሉ፤ በሜዳውም ይጫወታሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን በሩ አይዘጋም። በእነዚያው ክፍሎች ከሥራ የተመለሱ ወጣቶችና ጐልማሶች ይገባሉ። ቀን ልጁ በተማረበት የእንጨት ሥራ ጠረጴዛ ማታ አባቱ ወንበር ይሠራበታል፤ ልጅቱ በሰፋችበት መኪና እናቷ ትሰፋበታለች። በአዳራሹ መዝሙርና ቲያትር ይለማመዳሉ፤ አንዳንድ ማታም ጭፈራ ይሆናል። ቤተ መጻሕፍቱ ለመንደሩ ሰው ሁሉ ክፍት ነው። ስለ እርሻም የሚያስተምር ሰው ይመጣል። ለሕፃናት ጤና የሚሆን ክፍልም በዚያው ግቢ ተሰጥቶአል። ይህን ሁሉ፥ ቀንም ማታም፥ የሚመራው «ዋርደን» የሚባል አንድ የበላይ ነበር፤ ትርጓሜውም ጠባቂ ማለት ነው።

ከዚህ አሠራር ሦስት ነገር መማር ይቻላል።

አንደኛው፥ ጨዋታና ትምህርት ጠላቶች አለመሆናቸው ነው። ወጣቱ መጀመሪያ ለኳስ ወይም ለዘፈን ይመጣል፤ በሩን ካለፈ በኋላ መጽሐፉን ያያል፥ የእጅ ሥራውን ያያል፥ ሊያስተምረው የሚችለውንም ጐረቤቱን ያገኛል። ለትምህርት ብቻ ቢጠሩት ግን፥ በተለይ ትምህርቱን በችግር ያቋረጠው ልጅ፥ አፍሮ ከደጅ ይቀራል።

ሁለተኛው፥ ወጣቶችን ከቤተሰባቸው ለይቶ ማስቀመጥ እንደማያስፈልግ ነው። ለወጣቶች ብቻ የሆነ ቤት ቶሎ ይጠረጠራል፤ ወላጆች የማያውቁት ስፍራ ይሆናልና። እናትና አባት በአንደኛው ክፍል፥ ልጆቻቸው በሌላው ክፍል በአንድ ማታ ሲገኙ ግን ጥርጣሬው ይጠፋል፤ ወጣቱም ሰው እያየው ሳይታሰር ይጠበቃል።

ሦስተኛው፥ ቤቱ ያማረ መሆን እንዳለበት ነው። ሞሪስ ለድኻ ገበሬ ማንኛውም ቤት ይበቃዋል የሚለውን ነገር አይቀበልም ነበር። ኢምፒንግተንን እንዲነድፉ ከናዚ መንግሥት የተነሣ ከጀርመን የወጣውን ዝነኛውን ዋልተር ግሮፒየስንና እንግሊዛዊውን ማክስዌል ፍራይን ጠራ። ምክር ቤቱ የእነርሱን ዋጋ ለመክፈል ባይችል፥ ገንዘቡ ከግል ሰዎች በመዋጮ ተሰበሰበ። መሬቱን በዚያ አገር ማርማላታ በመሥራት የታወቁት የቺቨርስ ቤተሰብ ሰጡ። ክፍሎቹ በሰፊ መስኮት ብርሃን የሚገባባቸው፥ ወደ መስኩም የሚከፈቱ ሆኑ።

ሞሪስና ግሮፒየስ በዚያ ግቢ የሚቆም ሐውልት እንዲሠራ ቀራፂውን ሄንሪ ሙርን ጠይቀውት ነበር። እርሱም አባት፥ እናትና ልጅ አብረው የተቀመጡበትን ቅርፅ አሰበ፤ ቤቱ የቤተሰብ ሁሉ ነውና። ነገር ግን ገንዘብ ስላልተገኘ ሐውልቱ ያን ጊዜ ሳይሠራ ቀረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙር ያንኑ ሐሳብ ከነሐስ ሠርቶ፥ ሐውልቱ በስቲቨኔጅ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ቆመ። ከዚህ የሚገኘው ምክር፥ መልካም ሐሳብ በጊዜው ገንዘብ ቢያጣም አልሞተም ማለት ነው።

ሞሪስ ያሰበው ሁሉ አልተፈጸመለትም። ኢምፒንግተን በተከፈተበት ዓመት ጦርነት ስለ ተነሣ ሥራው ለብዙ ዘመን ተቋረጠ፤ ገጠሩም ከወጣት መፍለስ ፈጽሞ አልዳነም። ይሁን እንጂ እርሱ በ1961 ከሞተ በኋላም የሠራቸው ቤቶች አልተዘጉም፤ ሶስተንና ኢምፒንግተን ዛሬም ያስተምራሉ። ሐሳቡን ሌስተርሺርን የመሳሰሉ ሌሎች አውራጃዎች ወስደው ሠርተውበታል።

አሁን ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ መንደር ይመለስ። የመንደር ትምህርት ቤት የግሮፒየስ ሕንፃ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ያለው ጥቂት ክፍል፥ አንድ ሜዳና አንድ ዛፍ ነው። ነገር ግን የሞሪስ ጥበብ በሕንፃው ሳይሆን በቁልፉ ነበር። ያለውን ቤት ለሁለተኛ ጊዜ መክፈት አዲስ ቤት ከመሥራት ይቀላል። የኢትዮጵያም መንደር ከእንግሊዙ ይልቅ አንድ ነገር ይበልጣል፤ ዕድርና ማኅበር ስላለው ሰዎችን ማሰባሰብን፥ መዋጮን መጠበቅንና ተራ መግባትን አስቀድሞ ያውቃል። የገና ጨዋታ፥ ገበጣ፥ ተረትና እንቆቅልሽም አሉት፤ ለጨዋታ የሚሆነውን ሁሉ ከሩቅ አገር ማስመጣት አያስፈልገውም።

ሦስት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንዳንድ ሽማግሌ፥ ጨዋታ ወጣቱን ያባልገዋል ይላል። ነገር ግን ወጣቱ ጨዋታን አይተውም፤ በሽማግሌው ፊት ካልተጫወተ ከሽማግሌው ዐይን ርቆ ይጫወታል። ምርጫው በጨዋታና በቁም ነገር መካከል ሳይሆን፥ በታየና ባልታየ ጨዋታ መካከል ነው።

አንዳንድ ወላጅም፥ ሴት ልጅ ማታ ከቤት አትወጣም ይላል። ይህ ስጋት በከንቱ የመጣ አይደለም፤ መንገዱ ሩቅና ጨለማ ነውና ሊናቅ አይገባውም። ስለዚህ የልጃገረዶች ጊዜ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ቢሆን፥ እናቶችም አብረዋቸው ቢመጡ ይሻላል። ውሃ የመቅዳቱና የማገዶው ሥራ በልጃገረዲቱ ላይ ብቻ ከወደቀ ግን የትኛውም ሰዓት አይመቻትም፤ ይህን ሽማግሌዎች በየቤታቸው ሊመክሩበት ይገባል።

መምህሩ ደግሞ፥ ቀን ሳስተምር ውዬ ማታ ልድገም ወይ ይላል። እውነቱን ነው። በአንድ መምህር ጫንቃ ላይ የቆመ ሥራ መምህሩ ሲዛወር ይወድቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ ሥራው ሊከፋፈል ይገባዋል። አናጢው አንድ ማታ፥ ሸማኔው አንድ ማታ፥ የጤና ሠራተኛዋ አንድ ማታ፥ የአገሩን ታሪክ የሚያውቁት አዛውንት አንድ ማታ ቢይዙ፥ መምህሩ የሚቀረው ተራውን ማስተካከል ብቻ ነው።

አጀማመሩ በትንሽ ይሁን። መምህሩ፥ ሁለት ሽማግሌዎች፥ ሁለት እናቶች፥ እንዲሁም ወጣቶቹ ራሳቸው የመረጡአቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሰባት ሆነው ይቀመጡ። የወጣቶቹ ድምፅ ከሽማግሌዎቹ እኩል ይቈጠር፤ ያልተማከረ ሰው ቤቱን እንደ ራሱ ቤት አይጠብቅምና። ከሳምንቱ አንድ ማታና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይምረጡ። መብራት ከሌለ አንድ ፋኖስ ወይም አንድ የፀሐይ መብራት በመዋጮ ይገዛ። ወንበሩን የሚቈጥርና የተሰበረውን የሚያስጠግን ሰው ይሰየም። ከሦስት ወር በኋላ ሰባቱ ተሰብስበው፥ ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ፥ የቀረውም ስለ ምን እንደ ቀረ ይጠይቁ። ያልመጣው ልጅ የሚሰጠው መልስ ከመጣው ምስጋና ይልቅ ለሥራው ይጠቅማል።

የትምህርት ቤቱን ቤት ያቆመው የመንደሩ ሰው ጉልበትና የመንግሥት ገንዘብ ነው። ይህ ሀብት በቀን ጥቂት ሰዓት ሠርቶ የቀረውን ጊዜ ተቈልፎ ሲያድር፥ ከደጁ ውጭ የሚቆመው ጐረምሳ የዚያው መንደር ልጅ ነው። ቁልፉ በመምህሩ እጅ አለ፤ ፈቃዱም በሽማግሌዎች ዘንድ። ሁለቱ በአንድ ማታ ተገናኝተው ቢመክሩ፥ በሚቀጥለው ሳምንት በሩ ሊከፈት ይችላል።